የሙቀት ካሜራ ወይስ ማሞግራም? ጡትን ለመመርመር የትኛው፣ መቼ፣ ለማን

«አይነካም፣ አይጫንም፣ አያምም፣ ጨረር የለውም።» ቴርሞግራፊ የሚባለው የጡት የሙቀት ምስል ለሴቶች የሚቀርበው በእነዚህ አራት ነገሮች ነው። አራቱም እውነት ናቸው። ማስታወቂያው የሚዘለው አምስተኛውን ነው፦ ካንሰር ያለባትን ሴት ከሌለባት መለየት ይችላል ወይ? ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ያማል፣ ጨረር አለው ሲባል የሰማች ሴት ይህ ጥያቄ ሳይመለስላት ወደ ካሜራው ብትሄድ አይፈረድባትም። አማራጩ ሲታይ ያምራል፤ ከለሩም ደስ ይላል።

ከዚህ በታች የሙቀት ካሜራን፣ ማሞግራምን፣ አልትራሳውንድን፣ በማግኔት የሚያነሣውን ኤምአርአይንና የሠለጠነ ባለሙያ የእጅ ዳሰሳን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ የሙቀት ካሜራ ብቻውን ለማንም አይበቃም፤ ከሌላ ምርመራ ጋር ሲደረግም አብዛኛውን ጊዜ የሚጨምረው ወጪ ነው። ነገር ግን ከጀርባው ያለው ሐሳብ የሞኝ ሐሳብ ስላልሆነ፣ ለምን እንዳልተሳካ በደንብ ማየት ይጠቅማል።

ከመሣሪያው በፊት፦ ምልክት አለ ወይስ የለም?

ሁለት ሴቶች «ጡቴን ልመርመር» ሊሉ ይችላሉ፤ የሚፈልጉት ግን የተለያየ ነገር ነው። አንዷ ምንም የላትም፤ ዕድሜዋ ደርሷል፣ ወይም ጎረቤቷ ታማባት ደንግጣለች። ለእሷ የሚያስፈልጋት ልየታ ነው፦ ጤነኛ በሚመስል ሰው ላይ የተደበቀ ነገር መፈለግ። ሌላዋ ገላዋን ስትታጠብ እብጠት ዳስሳለች። እሷ የምትፈልገው እብጠቱ ምን እንደሆነ ቁርጡን የሚነግራት ምርመራ ነው። ለመጀመሪያዋ ጥሩ የሆነው ለሁለተኛዋ ላይበቃ ይችላል። ብዙ ገንዘብም ብዙ ጊዜም የሚባክነው እነዚህ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው።

ምልክት የምንላቸው እነዚህን ነው፦ በጡት ወይም በብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፣ የአንዱ ጡት ቅርጽ ወይም መጠን መለወጥ፣ የቆዳው መጎድጎድ ወይም የብርቱካን ልጣጭ መምሰል፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መሳብ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ጫፉ ላይ አልድን ያለ ቁስል። ሕመም በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የቀረውም በመርሳት አይደለም። የካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። አገር ቤት ብዙ ሴቶች የሚዘገዩትም «አላመመኝም እኮ» እያሉ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ካለ ምርጫው ቀላል ነው፤ የሙቀት ካሜራውም ከውድድሩ ይወጣል። መንገዱ በሦስት ደረጃ ያልፋል፦ ሐኪም በእጁ ይዳስሳል፣ ቀጥሎ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም ወይም ሁለቱም ይታዘዛሉ፣ አጠራጣሪ ነገር ከታየ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብሎ የሚፈርደው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው የፓቶሎጂ ሐኪም ነው። የትኛውም ፎቶ፣ የትኛውም ካሜራ ይህን ቦታ አይወስድም።

ካሜራው የሚያየው ምንድን ነው?

ሰውነታችን ሁልጊዜ ሙቀት ይረጫል፤ ዓይናችን አያየውም እንጂ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ኮሮና በገባ ሰሞን በአየር ማረፊያዎች የመንገደኛን ትኩሳት ይለኩ የነበሩት ካሜራዎች የሚሠሩት በዚሁ ነው። ለጡት የሚውሉት ከእነሱ የረቀቁ ናቸው፤ ከአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ አሥረኛ ያነሰ ልዩነት ይለያሉ። የቆዳ ቀለም እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ጠይምም ሆነ ቀይ ቆዳ በዚህ የብርሃን ክልል ሙቀቱን የሚረጨው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መሣሪያው ወደ ሰውነት ምንም አይልክም፤ ከሰውነት የሚወጣውን ብቻ ይቀበላል። ስለዚህ ጉዳት የለውም የሚለው ትክክል ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። እያደገ ያለ ዕጢ ምግብና ኦክስጅን ይሻል። ለራሱ አዳዲስ የደም ሥሮች ያስበቅላል፤ በአካባቢው ያሉትም እንዲሰፉ ያደርጋል። ደም በበዛበት ሙቀት ይበዛል። ሙቀቱ እስከ ቆዳው ከዘለቀ የግራው ጡት ከቀኙ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይታያል። ተመርማሪዋ ከወገብ በላይ ልብሷን አውልቃ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ትቆያለች፤ ከዚያ ከፊትና ከጎን ፎቶ ትነሣለች። አንዳንድ ቦታ እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንድትከት ያደርጋሉ። ጤነኛ የደም ሥር በብርድ ይጠብባል፤ ዕጢው ያበቀለው ግን ላይጠብብ ይችላል ከሚል ነው። ውጤቱ ከቲኤች 1 እስከ ቲኤች 5 በሚል ደረጃ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥርጣሬው ይጨምራል። በምስሉ ላይ የሚታየውን ቀይና ሰማያዊ የሚቀባው ኮምፒዩተሩ ነው፤ ቀይ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም።

እስከዚህ ያለው ጥሩ ነው። ችግሩ ከቆዳው በታች ይጀምራል። ጡት ውስጥ ብዙ ስብ አለ፤ ስብ ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ዕጢ ሙቀቱ ቆዳው ላይ ሳይደርስ ይበተናል። ትንሽ ዕጢ፣ ቀስ እያለ የሚያድግ ዕጢ፣ ከወተት ቧንቧው ገና ያልወጣ ጅምር ካንሰር ብዙ ሙቀት አያመነጩም። ልየታ የሚደረገው ግን እነዚህን ለማግኘት ነው! ካሜራው በደንብ የሚያየው ለቆዳ የቀረበውን፣ ትልቁንና በፍጥነት የሚያድገውን ሲሆን፣ ያንን ደግሞ እጅም ያገኘዋል።

በተቃራኒው ጡትን የሚያሞቅ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ወተት፣ የወር አበባ መቃረብ፣ የጡት መቆጣት፣ ፀሐይ፣ የጠበቀ የጡት መያዣ፣ በተፈጥሮ በአንድ በኩል ጎላ ያለ ደም ሥር፣ ከምርመራው በፊት የተጠጣ ቡና ወይም የተጨሰ ሲጋራ ምስሉን ይለውጣሉ። ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ካሜራው «እዚህ አካባቢ ሞቅ ብሏል» ይላል እንጂ ዕጢው በስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የት እንዳለ አያሳይም። ለሐኪሙ መርፌ የሚገባበትን ነጥብ የማይጠቁም ምስል ሁልጊዜ ሌላ ምስል ያስፈልገዋል። እንግዲያውስ ለምን በሌላው አንጀምርም?

አዲስ ነገር አይደለም

ቴርሞግራፊ ብዙ ጊዜ «ዘመናዊ ቴክኖሎጂ» እየተባለ ይቀርባል። ሞንትሪያል የነበረው ካናዳዊ ሐኪም ሬይ ሎውሰን የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ቆዳ ሞቅ እንደሚል ጽፎ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ዓለም በጉጉት ተቀብሎታል። አሜሪካ ውስጥ በ1973 ተጀምሮ 280 ሺህ ያህል ሴቶችን ያሳተፈው ትልቁ የጡት ካንሰር ልየታ ፕሮጀክት መጀመሪያ ላይ ማሞግራምንም፣ የእጅ ምርመራንም፣ ቴርሞግራፊንም አካትቶ ነበር። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን ቴርሞግራፊው ተሰረዘ፤ ከተገኙት ካንሰሮች ግማሹን እንኳ አላየም ነበርና።

«ካንሰርን ከስምንትና ከአሥር ዓመት በፊት ያገኛል» የሚለው አባባልም ከባዶ አልመጣም። በ1980 ሁለት የስትራስቡርግ ተመራማሪዎች ሌላው ምርመራቸው ደህና ሆኖ የሙቀት ምስላቸው ብቻ ያጠራጠረ 1,245 ሴቶችን ተከታትለው በአምስት ዓመት ውስጥ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ካንሰር መገኘቱን ጻፉ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን አንድ የምርምር ቡድን አንድ ቦታ ላይ ያየው ነገር ሌላ ቦታ በብዙ ሴቶች ላይ ሲሞከር መደገም አለበት፤ ያ አልሆነም። ማስታወቂያዎቹ ዛሬም የሚጠቅሱት ያንኑ የያኔውን ተስፋ ነው።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ በ1982 ለቴርሞግራፊ በር የከፈተው ከሌላ ምርመራ ጋር ተጨማሪ እንዲሆን ብቻ ነው። በኋላ በ2011፣ በ2017 እና በ2019 በማሞግራም ፋንታ እንዳይወሰድ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። የ2019ኙ ማስጠንቀቂያ ጠንከር ያለ ነበር፦ ብቻውንም ሆነ ከሌላ ጋር ለልየታ እንደሚጠቅም የሚያሳይ አስተማማኝ ሳይንሳዊ መረጃ የለም ይላል። ስለዚህ አንድ ማዕከል «በኤፍዲኤ የተፈቀደ» ብሎ ሲለጥፍ አልዋሸም፤ ግን «ለምን የተፈቀደ?» ብለው ይጠይቁት።

የኤድንብራው (ስኮትላንድ) ታሪክ በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለሚዞር እሱንም ላንሣ። በ2019 ከቤተሰቧ ጋር በኤድንብራ ካሜራ ኦብስኩራ የተባለውን የመዝናኛ ሙዚየም ስትጎበኝ የነበረች ሴት በሙቀት ካሜራው ክፍል ውስጥ አንዱ ጡቷ ላይ የተለየ ቀለም አየች። ቤቷ ስትመለስ ነገሩን አጣርታ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ የጡት ካንሰር ተገኘባት። እውነተኛ ታሪክ ነው፤ እንኳን አየች። ነገር ግን ካንሰር ኖሮባቸው በዚያው ክፍል ምንም ሳያዩ ስለሚወጡ ሴቶች ማን ዜና ይሠራል? የእሷንም ካንሰርነቱን ያረጋገጠው ሆስፒታል እንጂ ሙዚየሙ አይደለም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ ነገሩን አልቀየረውም? በቤንጋሉሩ፣ ሕንድ፣ በ2016 የተመሠረተው ኒራማይ የሙቀት ምስሉን ኮምፒዩተር እንዲያነብ አድርጎ ማሞግራም በሌለበት ገጠር ሴቶችን ለመድረስ ይሠራል። ዓላማው የሚያስከብር ነው፤ ተስፋ የሚሰጡ ጥናቶችም ታትመዋል። ይሁንና ጥናቶቹ ምልክት ያላቸውን ሴቶች ከሌላቸው ጋር ቀላቅለው የያዙ ናቸው። ምልክት ያለበትን ትልቅ ዕጢ ማግኘት ለኮምፒዩተሩ ይቀለዋል፤ ጤነኛ በሚመስሉ ሺዎች መካከል ጥቂቶቹን መልቀም ሌላ ፈተና ነው። በዚህ መንገድ ተመርምረው በጡት ካንሰር የሚሞቱ ሴቶች ቁጥር መቀነሱን ያሳየ ሙከራም እስካሁን የለም። ነገ ሊለወጥ ይችላል። ዛሬ የሚወስኑት ግን ዛሬ ባለው ማስረጃ ነው።

ማሞግራም፦ የሚፈራው ነገር ምን ያህል ነው?

ማሞግራም የጡት ራጅ ነው። ጡቱ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሰከንዶች ይጫናል። አያምም ብዬ አልዋሽም፤ አንዳንዷን በጣም ያማታል። የወር አበባ ባለፈ በሳምንቱ ቀጠሮ መያዝ ሕመሙን ይቀንሰዋል። መጫኑ ካንሰር ያሰራጫል የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም።

ጨረሩን በተመለከተ፦ የአንድ ጊዜ ማሞግራም 0.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ያህል ነው። ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በሰባት ሳምንት ገደማ የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። (የአዲስ አበባ ሰው በከተማው ከፍታ ምክንያት ከጅቡቲ ሰው የበለጠ የጠፈር ጨረር ያገኛል፤ በዚህ የተነሣ ከተማውን የለቀቀ ሰው ግን አላየሁም።) ከዜሮ ይበልጣል፤ የ25 ዓመት ወጣት ያለ ምክንያት በየዓመቱ ማሞግራም የማይታዘዝላትም ለዚህ ጭምር ነው። ከ40 በላይ ለሆነች ሴት ግን ጥቅሙ ያመዝናል።

ሌሎቹ የምስል ምርመራዎች የሌላቸው፣ ማሞግራም ያለው ማስረጃ ምንድን ነው? በዕጣ በተከፋፈሉ ብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ሞት ሲቀንስ ታይቷል። በ1963 በኒውዮርክ ተጀመረ፤ በ1977 በስዊድን ሁለት አውራጃዎች የተጀመረው ሙከራ በጡት ካንሰር የሚሞቱትን በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሌላም ጥንካሬ አለው፦ ጅምር ካንሰር አንዳንዴ የሚተዋቸውን የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ የካልሲየም ነጠብጣቦች ያሳያል። እነዚህ አይሞቁም፣ አይዳሰሱም፣ በአልትራሳውንድም ብዙ ጊዜ አይታዩም።

ድክመቱስ? ካንሰር ካለባቸው 100 ሴቶች 87 ያህሉን ያገኛል፤ የቀሩት ያመልጡታል። ጡታቸው ጥቅጥቅ ያለ፣ ማለትም ከስቡ ሥጋው የሚበዛ ሴቶች ላይ የበለጠ ይቸገራል፤ ሥጋውም ነጭ፣ ዕጢውም ነጭ ሆኖ ይታያልና። ከ40 ዓመት በላይ ካሉ ሴቶች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ጡት አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ከመስከረም 2024 ጀምሮ እያንዳንዱ የማሞግራም ውጤት የጡቱን ጥግግት ለሴቷ በግልጽ እንዲነግራት ግዴታ ሆኗል። በሌላ በኩል እዚያው አሜሪካ ከ100 ተመርማሪዎች አሥር ያህሉ «ተመለሺ፣ ድጋሚ እንይ» ይባላሉ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ምንም የለባቸውም። ጥሪው ሲመጣ እንቅልፍ ማጣት ያለ ነው፤ ግን ተመለሺ ማለት ካንሰር ማለት አይደለም።

አልትራሳውንድና ኤምአርአይ

አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፣ አይጫንም፣ ዋጋውም ከማሞግራም ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ በክልል ከተሞችም ይገኛል። የሙቀት ካሜራን የምትወድ ሴት የምትፈልገው ሁሉ እዚህ አለ ማለት ይቻላል። እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሁን ጠጣር ዕጢ ይለያል፤ የናሙና መርፌውንም እያየ ይመራል። ከ30 ዓመት በታች ለሆነች፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት እብጠት ሲገኝ የመጀመሪያው ምርጫ እሱ ነው። ጥራቱ ግን በያዘው እጅ ይወሰናል፤ የጡት ልምድ ያለው ራዲዮሎጂስት ማግኘት ከማሽኑ ዓይነት ይበልጣል። ምልክት ለሌላት ሴት ብቻውን ለልየታ አይመከርም፤ ጥቅጥቅ ላለ ጡት ግን የማሞግራም ረዳት ይሆናል።

ኤምአርአይ ከሁሉም በላይ ያያል፤ ከሁሉም በላይም ያስከፍላል። በደም ሥር ጋዶሊኒየም የተባለ ቀለም ይሰጣል። የታሰበው በቤተሰብ የሚወረሰው የብራካ ጂን ለውጥ ላለባቸው፣ በወጣትነታቸው ደረታቸው በጨረር ለታከመና የመሳሰሉት ከፍተኛ ሥጋት ላላቸው ሴቶች ነው። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ለእነዚህ ከ30 ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ከማሞግራም ጋር እንዲደረግ ይመክራል። እናትዎ፣ እህትዎ ወይም አክስትዎ በወጣትነታቸው በጡት ወይም በእንቁልጢ ካንሰር ከታመሙ ለሐኪምዎ ሳይጠየቁ ይንገሩ። በእኛ ዘንድ የቤተሰብ በሽታ እየተደበቀ ስንቱ ሳይነገር ቀርቷል።

የሠለጠነ እጅ

ይህ የማንም ማስታወቂያ የማይሠራለት ምርመራ ነው። በሙምባይ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ከ1998 ጀምሮ 151,538 ሴቶችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው እንዲመረምሯቸው አደረጉ። ውጤቱ በ2021 ወጣ። በእጅ የተመረመሩት ካንሰራቸው ገና በዝቅተኛ ደረጃ ላይ እያለ ተገኘ፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ በታች ባሉት ግን የሞት ልዩነት አልታየም። ካሜራ የለም፣ መብራት የለም፣ ቀለም የለም፤ የአጭር ጊዜ ሥልጠና የወሰዱ ሴቶች እጅ ብቻ።

ቀን እየቆጠሩ የራስን ጡት በራስ መፈተሽ ግን የተባለለትን ያህል አልሆነም። በሻንጋይ 266 ሺህ ያህል የፋብሪካ ሠራተኞች በተሳተፉበት ሙከራ ሞት አልቀነሰም፤ የማያስፈልግ ናሙና ግን በዛ። ስለዚህ ዛሬ የሚመከረው ጡትዎ በተለመደው ጊዜ ምን እንደሚመስል ማወቅና ለውጥ ሲያዩ ሳያመነቱ መሄድ ነው።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለች ሴት። የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚከሰቱት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው፤ በዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ እንደሚኖር ይገመታል። ታማሚዎቹ ከምዕራባውያኑ ወጣት ናቸው፤ ብዙዎቹ በ40ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። አብዛኞቹም ሆስፒታል የሚደርሱት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ነው። አገር አቀፍ የማሞግራም ልየታ የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2014 መመሪያው የጤና ሥርዓቱ ደካማ በሆነበት አገር ለሁሉም ማሞግራም ከማዳረስ ይልቅ ምልክት ያላቸውን ቶሎ መርምሮ ማከም እንዲቀድም መክሯል። ስለዚህ ምርጫዬ እንዲህ ነው፦ ከ40 ዓመት ጀምሮ በዓመት አንዴ የሠለጠነ ባለሙያ ይዳስስዎ፤ አቅም ካለና ማሞግራም ባለበት ከተማ ከሆኑ በየሁለት ዓመቱ ያድርጉ፤ እብጠት ካለ በዚያው ሳምንት አልትራሳውንድና የመርፌ ናሙና። ለሙቀት ካሜራ የሚወጣው ገንዘብ ለናሙናው ምርመራ ቢውል ይሻላል። ጸበል የምትሄድም እህት ትሂድ፤ ናሙናውን ሰጥታ ብትሄድ ማንም አይቃወማትም።

አሜሪካ ላለች። ቴርሞግራፊ በብዛት የሚሸጠው እዚያ ነው፤ ብዙ ኢንሹራንሶችም አይከፍሉለትም። በአንጻሩ ማሞግራም ለልየታ ሲሆን አብዛኛው ኢንሹራንስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሸፍነዋል። የ2024ቱ አገር አቀፍ ምክር ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ ነው። ኢንሹራንስ የሌላት፣ ገቢዋም ዝቅተኛ የሆነ ሴት በየክፍለ ግዛቱ ባለው፣ በሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) የሚደገፍ የጡትና የማኅጸን በር ካንሰር ፕሮግራም በነፃ ልትመረመር ትችላለች። ከኪስ ከፍሎ የሙቀት ፎቶ መነሣት፣ ነፃውን ማሞግራም ትቶ፣ ለእኔ አይገባኝም።

አውሮፓና እስራኤል ላለች ምርጫው ይበልጥ ቀላል ነው፤ ጥሪው ራሱ ይመጣል። በእንግሊዝ ከ50 እስከ 71 ዓመት በየሦስት ዓመቱ፣ በጀርመን ከ50 እስከ 75 በየሁለት ዓመቱ፣ በስዊድን ከ40 እስከ 74፣ በእስራኤልም ከ50 እስከ 74 ላሉት በየሁለት ዓመቱ በኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) በኩል። ቤት ከቀየሩ አድራሻዎን ማስተካከልዎን አይርሱ፤ የእንግሊዙ ደብዳቤ የሚላከው በሐኪምዎ ዘንድ ወደተመዘገበው አድራሻ ነው።

ጡት የምታጠባ እናት ጡቷ ቀልቶ ቢሞቅ አብዛኛውን ጊዜ መቆጣት ነው፤ በመድኃኒት ይሻላል። መድኃኒቱን ጨርሳ ካልተሻላት ግን አልትራሳውንድ ይታዘዝላት፤ ጡቱን በሙሉ የሚያቀላና የሚያሞቅ የካንሰር ዓይነት አለና። ወንዶችም ይታመማሉ፤ ከጡት ካንሰር ታማሚዎች መቶ ሲቆጠር አንዱ ያህል ወንድ ነው፤ እብጠት ያየ ወንድ አይፈር።

የሙቀት ምስሉን አስቀድመው ከተነሡ

«ደህና ነው» ከተባለ፣ ማሞግራሙ ያልተደረገ ነው ብለው ይቁጠሩት። «ያጠራጥራል» ከተባለ አይደንግጡ፤ ወረቀቱን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ማሞግራም ወይም አልትራሳውንድ ይጠይቁ። ማዕከሉ «ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰሽ ነይና እናነጻጽር» ካለ አይቀበሉ፤ ያ ሦስት ወር የእርስዎ እንጂ የእሱ አይደለም። ገና ያልሄዱ ከሆነ ሁለት ጥያቄ በስልክ ይጠይቁ፦ ምስሉን የሚያነበው ማን ነው? አጠራጣሪ ነገር ቢገኝ ናሙና የሚወሰደው የት ነው? ሁለተኛውን መመለስ የማይችል ቦታ ማሞግራምም ቢኖረው አያዋጣም።

ማሞግራም ሲሄዱ በዕለቱ ዲዮድራንትና ፓውደር አይቀቡ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ብረት በምስሉ ላይ የካልሲየም ነጠብጣብ ሊመስል ይችላል። የቀድሞ ፊልም ወይም ሲዲ ካለዎት ይውሰዱ፤ አንባቢው ለውጡን የሚያየው ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ ነው። ውጤቱን «ደህና ነው» በሚል ቃል ብቻ አይቀበሉ፤ የተጻፈውን ወረቀት ይጠይቁና ባይራድስ (የጡት ምስል ውጤት የሚጻፍበት ደረጃ) ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር ይፈልጉ። 1 እና 2 ካንሰር አልታየም ማለት ነው። 0 ምርመራው አላለቀም፣ ተጨማሪ ምስል ይቀራል ማለት ነው። 3 ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ስለሆነ በስድስት ወር ይታይ ነው። 4 ወይም 5 ከሆነ ናሙና ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሴቷ ሐኪም ዘንድ ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ ምርመራው ተጠናቅቆ ቁርጡ እንዲታወቅ የሚያሳስበው በ60 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ የናሙናው ቀጠሮ ከዚያ የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ሆስፒታል ያፈላልጉ።